አንድ ዝናብ፣ ሁለት ሜዳ

የግብርና ዓምድ

 

ባለፈው ሳምንት ስለ ፍግ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሣር ነው። «ሣር ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል? ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል፤ በጋ ሲሆን ይደርቃል» የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ወጣቶች ነን። የመጣነው ፊደል ልናስተምር ነው። ስለ ሣር ግን መጀመሪያ ያስተማሩን ተማሪዎቻችን ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ

የምናስተምርበት ቀበሌ ቆላ ነው። ዝናቡ ትንሽ ነው። እሱም አንዳንድ ዓመት ይቀራል። የምንማረው በሕፃናቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የእሾህ አጥር አለው። ከአጥሩ ውጭ ሰፊ የወል ግጦሽ አለ።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ ለትምህርት ስንሰበሰብ የግቢው መሬት አረንጓዴ ለብሷል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሜዳ ግን ቀይ አፈር ነው። እዚህም እዚያም ቀጫጭን ቡቃያ ብቅ ብሏል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

እኛ ተገረምን። «ዝናቡ እኮ አንድ ነው። አፈሩም አንድ ነው። ታዲያ ምን ለያቸው?» ብለን ጠየቅን።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ አዛውንት አባት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ናቸው። ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ዝናብ ሣር ይቀሰቅሳል እንጂ አይወልድም። የሚወልደው ሥር ነው። ዶማ አምጡና ላሳያችሁ» አሉን።

በመጀመሪያ ከግቢው ውስጥ አንድ የሣር ጉንጉን ቆፈሩ። ሥሩ እንደ ፀጉር የበዛ ነው። አፈሩን ጨብጦ አልለቅም አለ። አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው እንኳ ጫፉ አልተገኘም፤ ተበጠሰ። ቀጥለው ወደ ውጭ ወጡ። አንዱን ቡቃያ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጉት። ወዲያው ተነቀለ። ሥሩ ከጣት አይበልጥም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡና «ይኸኛው ከራሚ ነው። ያኛው የዘንድሮ ነው» አሉን።

ሁለት ዓይነት ሣር

አባባ «የዘንድሮ» ያሉትን የግብርና ባለሙያዎች ዓመታዊ ሣር ይሉታል። «ከራሚ» ያሉትን ደግሞ ቋሚ ሣር ይሉታል።

ዓመታዊ ሣር በዝናብ ከዘር ይበቅላል። ያብባል፣ ያፈራል፣ ይሞታል። ሥሩም አብሮ ይሞታል። ለከርሞ የሚተርፈው የረገፈው ዘር ብቻ ነው። ሙጃ ዓመታዊ ሣር ነው።

ቋሚ ሣር ግን በበጋ ላዩ ይደርቃል እንጂ ሥሩ አይሞትም። ይተኛል። ዝናብ ሲነካው ይነሣል። ዘር እስኪበቅል ድረስ አይጠብቅም። ሰርዶ ቋሚ ሣር ነው። ሰንበሌጥም ቋሚ ነው። እናቶች ለስፌት የሚፈልጉት አክርማም ቋሚ ነው። እርግጥ ቋሚ ሣር ሁሉ እኩል መኖ አይሆንም። አክርማ ሲጠነክር ከብት አይወደውም።

ዓመታዊ ሣር ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። በክረምት ከብት ያጠግባል። ችግሩ ዝናቡ ሲያጥር ነው። ዝናቡ በመካከል ቢቋረጥ ዓመታዊው ሣር ዘር ሳይጥል ይደርቃል። ዘር ካልጣለ ለከርሞም የለም። ቋሚው ሣር ግን ሥሩ ጥልቅ ነው። ላይኛው አፈር ሲደርቅ ከታች ያለውን እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ለደረቅ አገር የሚስማማው ቋሚ ሣር ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ጎርፍ ሲመጣ የሣሩ ጉንጉን ውሃውን ያዘገየዋል። የዘገየ ውሃ ወደ አፈር ይሰርጋል። በተራቆተ መሬት ላይ ግን የከብት ኮቴ አፈሩን ይደቀድቀዋል። ውሃው አይሰርግም። አፈሩን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዝናብ ቢዘንብም መሬቱ ይጠማል።

የሣር ጎተራ

ቋሚ ሣር እንደ ገበሬ ጎተራ አለው። ጎተራው ሥሩና አንገቱ ነው። አንገት የምንለው ከመሬት ጋር የሚገናኘውን የአገዳውን ግርጌ ነው።

ወደ ጎተራው የሚገባውን ምግብ የሚሠራው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል። ከአየርና ከውሃ ምግብ ይሠራል። ከዚያም ለሥሩ ያካፍላል። ቅጠል ከሌለ ምግብ የለም። ምግብ ከሌለ ሥር አይኖርም።

ላም ሣሩን ስትነጨው ሣሩ ከጎተራው አውጥቶ አዲስ ቅጠል ያበቅላል። ይህ ጉዳት አይደለም። ሣር ለመበላት የተፈጠረ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አዲሱ ቅጠል ጎተራውን ሳይሞላ ሁለተኛ ሲነጭ ነው። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሲነጭ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ሥሩ እያጠረ ይሄዳል። ሥሩ ያጠረ ሣር በመጀመሪያው ድርቅ ይሞታል። ሰው ግን ድርቁ ገደለው ይላል። ድርቁ የመጨረሻውን ምት መታው እንጂ ሣሩ ቀድሞ ተዳክሞ ነበር።

ታዲያ ምን ያህል ይበላ? የሣር ተመራማሪዎች ይህን ለክተዋል። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ቢበላ ሥሩ ብዙ አይጎዳም። ከ10 እጅ 8ቱ ቢበላ ግን ሥሩ ለብዙ ቀናት ማደጉን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ቀላል ደንብ እንያዝ። ግማሹ ለከብቱ፣ ግማሹ ለሥሩ!

ሣሩ በጣም የሚጎዳው በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ዝናብ እንደጣለ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ነው። ሁለተኛው አብቦ ዘር ሲይዝ ነው። በበጋ ሣሩ ሲተኛ በመጠኑ ቢጋጥ ጉዳቱ ያነሰ ነው። እኛ ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሰኔ ላይ ከብቱ ተርቧል። ጫፉ ብቅ ሲል እንለቅበታለን። ክፋት አይደለም፤ ችግር ነው። ችግሩ ግን ራሱን ይወልዳል። ዘንድሮ ለጋውን ያስበላ ሰው ለከርሞ የባሰ ይቸገራል።

ያስቀመጧት እርሳስ

እዚህ ላይ ያሳፈረንን ነገር እንናገር። ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን «ላ» የሚለውን ፊደል እያስተማርን ነበር። በሰሌዳው ላይ «ላም» ብለን ጻፍን። «በሉ፣ ላም ብላችሁ ጻፉ» አልን። አንዲት እናት እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «እማማ፣ ምነው? ከበዶት ነው?» ብለን ጠየቅን። ዝም አሉ። እኛም እንዳልገባቸው ቆጥረን ደጋግመን አስረዳን።

ከትምህርቱ በኋላ ጎረቤታቸው ነገሩን። ለካ እኒያ እናት ያለቻቸውን አንዲት ላም ግንቦት ላይ ሸጠዋታል። መኖ አልቆ ነበር። ላሟ ከስታ መነሣት አቅቷት ነበር። የሸጧት በወተት ጊዜዋ ከምታወጣው ዋጋ ሲሶውን እንኳ በማይሞላ ገንዘብ ነው። ለልጆቻቸው የነበረው ወተት ከእሷ ጋር ሄደ።

ያቺ ላም ያጣችው የጥቂት ወራት ድርቆሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ስለ ሣር የምንነጋገረው እንደ ተራ ወሬ አይደለም።

የአህያዋ ንግግር

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል፣ አለች አህያ» ይባላል። ይህን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንስቅበታለንም። የወል ግጦሻችንን ስናይ ግን አህያዋ ብቻዋን አይደለችም።

በክፍል ውስጥ በዚህ ላይ ተወያየን። አንድ ጎልማሳ እንዲህ አሉ። «እኔ ከብቴን ብመልስ ጎረቤቴ ያስበላዋል። ሣሩ አይተርፍም፤ የእኔ ከብት ግን ይራባል። ታዲያ ምን አተረፍኩ?»

ንግግራቸው እውነት አለው። የወል መሬት የሁሉም ስለሆነ ማንም ብቻውን ሊያድነው አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ምክር ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ስምምነት ነው።

የቦረና ካሎ

ይህ ስምምነት አዲስ ነገር አይደለም። ቦረናዎች በደቡብ ኢትዮጵያ በኬንያ ጠረፍ አጠገብ ይኖራሉ። አገራቸው ደረቅ ነው። ኑሯቸው በከብት ነው። ሣር የመጠበቅ የቆየ ደንብ አላቸው።

መንጋቸውን ሁለት ይከፍሉታል። የሚታለቡት ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር በመንደር አካባቢ ይቀራሉ። ይህ መንጋ ወራ ይባላል። ጠንካሮቹና ወተት የሌላቸው ከብቶች ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳሉ። ይህኛው ፎራ ይባላል። እንዲህ ሲሆን የመንደሩ ሣር ፋታ ያገኛል።

ከዚህም ሌላ መሬት ይከልላሉ። የተከለለው ግጦሽ ካሎ ይባላል። በዝናብ ጊዜ ከብት አይገባበትም። በበጋ ለጥጆችና ለደካማ ላሞች ይከፈታል።

ካሎ ዝናብን አይተካም። በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ያለውን ክፉ ቀን ሣር ብቻውን አይመልሰውም። ነገር ግን አንድ ዝናብ ሲቀር መንጋ እንዳያልቅ፣ ዝናቡ ሲመለስም ሣሩ እንዲመለስ የሚያደርገው በሕይወት ያለ ሥር ነው።

ምን እናድርግ?

1. እንከልል። ከግጦሹ አንዱን ክፍል ከዝናብ መጀመሪያ ጀምሮ ከከብት እንጠብቅ። ሥሩ ጨርሶ ካልሞተ ሳንዘራው ይመለሳል። ገንዘብ የማይጠይቀው ዘዴ ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድመን እሱን እንሞክር።

2. በተራ እናስግጥ። ግጦሹን ሦስት ወይም አራት ቦታ እንክፈለው። አንዱ ሲበላ ሌላው ይረፍ። ግማሹ ሲበላ ከብቱን ወደሚቀጥለው እናዛውር።

3. ድርቆሽ እናዘጋጅ። ሣር የሚታጨደው ማበብ ሲጀምር ነው። ብዙ ሰው ቢጫ እስኪሆን ይጠብቃል። ቢጫ ሣር ሆድ ይሞላል እንጂ አያፋፋም። ስናጭድ ከመሬት አንድ ጋት እናስቀር። ጎተራውን እንዳንነካ ነው። የታጨደውን እያገላበጥን እናድርቀው። ሳይደርቅ የተከመረ ሣር ይሻግታል። ክምሩ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ እንጨት ይረብረብ። ከላይም ይከደን። ለዘር የሚሆን አንድ ጥግ ግን ሳይታጨድ ይቅር። ዘሩ በስሎ ይርገፍ።

4. ሥሩ በሞተበት እንዝራ። ተከልሎ ምንም ካልበቀለ ዘር ያስፈልገዋል። ለደረቅ ቆላ ጥሩ የሆነው ባፈል ሣር ነው። ቦረናዎች ማታ ጉዴሳ ይሉታል። በዓመት ከ300 እስከ 750 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አገር ይበቅላል። ሮደስ ሣርም ጥሩ ነው። እየተሳበ መሬቱን ያለብሳል። ነገር ግን የተሻለ ዝናብ ይፈልጋል፤ ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም የአፍሪካ ሣሮች ናቸው። በአገራችንም በዱር ይገኛሉ።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ምን ያህል ነው? አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሜትር ማለት በዚያች መሬት ላይ በዓመት 300 ሊትር ውሃ ነው።

ስለ አዘራሩ ሦስት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ የባፈል ዘር እንደተለቀመ ወዲያው አይበቅልም። ጥቂት ወራት ማረፍ አለበት። የአምናው ዘር ይሻላል። ሁለተኛ፣ ዘሩ ጠጉራም ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን እንዝራው። በጥልቅ አንቅበረው። አፈሩ ለስለስ ተደርጎ ዘሩ በስሱ ቢሸፈን ይበቃል። ሦስተኛ፣ ቡቃያው ሥር ሳይሰድ ከብት አናስገባ። መፈተኛው ቀላል ነው። ሣሩን በእጃችን እንሳበው። ከነሥሩ ከተነቀለ ገና ነው። ቅጠሉ ተበጥሶ ሥሩ ከቀረ ደርሷል። ላምም የምትስበው እንደዚሁ ነው።

ዘር ለማግኘትና የመሬቱን ዓይነት ለማወቅ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። መጀመሪያ በትንሽ መሬት ሞክሩ።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ደንብ

በእኛ ቀበሌ ምን ሆነ? ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መንደሩ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ከወል ግጦሹ ሩቡ ይከለል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሁለት ፍየሎች ብቻ ያሏቸው አንድ ሰው ተነሡ። «ባለ ብዙ ከብቱ እርሻም ገለባም አለው። የእኔ ፍየሎች ያላቸው ይህ ሜዳ ብቻ ነው። ስትከልሉት የምትከለክሉት እኔን ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ድሃውን ነው። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ተመከረ። በመጨረሻ ድርቆሹ በከብት ቁጥር ሳይሆን በቤት ቁጥር ይከፈል ተባለ። ሰውየውም ተስማሙ። ደንቡን የጻፉት ተማሪዎቻችን ናቸው። ከፊደል ገበታ ውጭ በአንድነት የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው።

1. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከብት አይገባም።
2. ሣሩ የሚታጨደው ሁሉም ቤት በተገኘበት ቀን ነው።
3. ሲታጨድ አንድ ጋት ይቀራል።
4. ድርቆሹ ለእያንዳንዱ ቤት እኩል ይከፈላል።
5. ከብቱ የገባበት ሰው ይቀጣል። ቅጣቱን ጉባኤው ይወስናል።

ጥቅምት ላይ ሣሩ ታጨደ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ነውና ብዙ አይደለም። ሲከፈል አንድ ባለ ብዙ ከብት ሰው «ከብት የሌለው ቤት ድርቆሽ ምን ያደርግለታል? ድርሻው ለእኛ ይሁን» አሉ። ጥቂት ሰዎችም «እውነት ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ላማቸውን የሸጡት እናት ተነሡ። ደንቡ የሰፈረበትን ወረቀት ተቀበሉ። በጣታቸው እየተከተሉ ተራ ቁጥር 4ን አነበቡ። ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። «ለ-እያን-ዳንዱ ቤት እ-ኩል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ላም ያለው ቤት አይልም» አሉ።

ማንም አልተከራከረም። ድርሻቸውን ወሰዱ። ዛሬ ድርቆሹ በግቢያቸው ተከምሮ ተከድኗል። መኖ እንዳላቸው ያየ አንድ ዘመዳቸው ጊደር በርቢ ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል።

ውድ አንባቢዎቻችን! የእናንተስ ግጦሽ እንዴት ነው? ነገ ዶማ ይዛችሁ ውጡ። ከተከለለ ቦታ አንድ ሣር፣ ከወል ሜዳ አንድ ሣር ቆፍሩ። ሥራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ለኩ። ከዚያ ጎረቤታችሁን ጥሩና አሳዩት።

እንወያይ

1. በአካባቢያችሁ ያሉ ቋሚ ሣሮች የትኞቹ ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።
2. ዱሮ ነበረ፣ ዛሬ የጠፋ ሣር አለ? መቼ ጠፋ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
3. ግጦሽ ቢከለል የሚቸገረው ማን ነው? እሱን እንዴት እንርዳው?
4. ለመንደራችሁ የሚስማማ የግጦሽ ደንብ በአምስት መስመር ጻፉ።

አዲስ ቃላት

ቋሚ ሣር፦ ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚኖር ሣር።
ዓመታዊ ሣር፦ በዓመቱ በቅሎ፣ አፍርቶ የሚሞት ሣር።
የወል፦ የጋራ፣ የሁሉም የሆነ።
መከለል፦ ከብት እንዳይገባ መጠበቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ውሃ ማቆር እንነጋገራለን። ደህና ሰንብቱ!